ያቺን ራውተር ማን ሰካት? የግቢ ኔትወርክ ደንብ ለምን እንዲህ ጠበቀ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። "ኔትወርክ የለም።" አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ከዚያው ሕንጻ ሌላ ሰው ደወለ። "የእኛ ቢሮ ይሠራል፣ ጎረቤቶቻችን ግን የላቸውም።" ሦስተኛው ደዋይ ቆጣ ብለዋል። "ተገናኝቷል ይላል፣ ግን አንድ ገጽ እንኳን አይከፍትም። ለመሆኑ እናንተ ሥራችሁ ምንድን ነው?"

ያኔ የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ነበር። ስሙን እንለፈው፤ ታሪኩ የየትኛውም ግቢ ታሪክ ነው። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር፤ ሊነጋ ሲል መጣ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሆነ ነገር መበላሸቱ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ስዊቹ (የሕንጻውን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) ተቃጥሎ ይሆናል ብለን መሰላል ሳይቀር ይዘን ሄድን። ስዊቹ ደህና ነው። አንዱ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ የያዘውን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ሳየው ግን በ192.168.0 ይጀምራል። የእኛ ኔትወርክ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰጥም። ይሄ የቤት ራውተር ቁጥር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌባ ፍለጋ ነው። ስዊቹ ውስጥ ገብተን ራውተሯ በየትኛው ፖርት (የኬብል መሰኪያ) በኩል እንደምትታይ አየን። ፖርቱ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለ አንድ ቢሮ ይወስዳል። አንኳኩተን ገባን። ራውተሯ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ፣ ከመጋረጃው ሥር ሆና አረንጓዴ መብራቷን ታብለጨልጫለች።

"ዶክተር፣ ይቺ ራውተር የእርስዎ ናት?"

"አዎ። ዋይፋያችሁ እዚህ ጥግ አይደርስም እኮ! ትናንት ከቤት አምጥቼ ሰካኋት፣ እሷም አልሠራ አለችኝ። ዛሬ አያታለሁ ብዬ ተውኳት።" ትንሽ ዝም አሉና፣ "ምን ችግር አለው? ለራሴ ብቻ ነው" አሉ።

ለራሳቸውም አልሠራችም። የሕንጻውን ግማሽ ግን አጥፍታዋለች።

የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኔትወርክ ደንብ ውስጥ "ያለ ፈቃድ ራውተር፣ ስዊች ወይም አክሰስ ፖይንት ማገናኘት ክልክል ነው" የሚል መስመር ታገኛላችሁ። አክሰስ ፖይንት ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ ነው። አዲስ ተማሪ ሲያነበው ቢሮክራሲ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉም አያግዝም፤ ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ ለጠበቃ የጻፈው ደብዳቤ ነው የሚመስለው። ግን እያንዳንዱ መስመር የሆነ ቀን የደረሰ ጣጣ አለው። ጣጣውን ያወቀ ሰው ደንቡን መሸምደድ አያስፈልገውም።

የዶክተሩን ራውተር እንጨርሳት። አንድ ላፕቶፕ ኔትወርክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መጮህ ነው። "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ለአካባቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ይጠራል። የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ይሰማና "ይሄን ቁጥር ያዝ፣ ወደ ኢንተርኔት የምትወጣበት በር ደግሞ ያ ነው" ይለዋል። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። ችግሩ ላፕቶፑ የመላሹን መታወቂያ አይጠይቅም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። የቤት ራውተር ደግሞ አድራሻ ማደል ሥራዋ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ አዳይ የለም። የግቢው ኬብል ለኢንተርኔት መግቢያ በተሠራው ፖርት ሳይሆን ለኮምፒውተሮች በተሠሩት በአንዱ ከገባ፣ ራውተሯ ለሕንጻው ሁሉ አድራሻ ማደል ትጀምራለች። በሩም እኔ ነኝ ትላለች። ከበሩ ጀርባ ግን ምንም የለም።

ታዲያ ትናንት ለምን አልጠፋም? ትናንት ሁሉም ኮምፒውተር የያዘው አድራሻ ነበረው፤ የሚጠይቅ አልነበረም። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስቶ ጠየቀ። ከፊሉ የእኛን ሰርቨር መልስ ቀድሞ አገኘ፣ ከፊሉ የዶክተሩን ራውተር። "የእኛ ይሠራል፣ የጎረቤቶቻችን አይሠራም" የተባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ዛሬ ሻል ያሉ ስዊቾች ይህን ይከላከላሉ። "አድራሻ እንዲያድል የተፈቀደለት በዚህ ፖርት ያለው ብቻ ነው፣ ሌላው ዝም ይበል" ተብለው ሊዋቀሩ ይችላሉ። ግን በየሕንጻው ያለው ስዊች ሁሉ ዘመናዊ አይደለም፤ ዘመናዊውንም ቁጭ ብሎ የሚያዋቅረው ሰው ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ደንቡ ነው የሚጠብቀን። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዶክተሩ ጥፋት ግማሽ ነው። ዋይፋዩ እዚያ ጥግ ቢደርስ ኖሮ ራውተር ተሸክመው አይመጡም ነበር። ግማሹ የእኛ ነው።

ስዊች ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ የተሰካ ኬብል አገኘን። የሆነ ሰው ኬብሉ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየው፣ ወደ ባዶው ሶኬት መልሶ ሰክቶታል። ደግ ሰው ነው፤ እግር እንዳይጠልፍ ብሎ። ነገር ግን ቅድም ያልኳችሁ ዓይነት ለሁሉም የሚላክ ጥሪ እንዲህ ያለ ቀለበት ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። በኤተርኔት፣ ማለትም በኬብሉ ኔትወርክ፣ የሚጓዝ መልእክት "ይህን ያህል ዞሬያለሁ፣ ይበቃኛል" የሚልበት ቆጣሪ የለውም። ይዞራል፣ ይባዛል፣ እንደገና ይዞራል። ስዊቹ ቀለበት እንዲያውቅ ካልተዋቀረ በስተቀር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሌላ ሥራ መሥራት ያቅተዋል። በዶርም ወይም በቢሮ ውስጥ ትንሿን ባለአምስት ፖርት ስዊች የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ኬብል በበዛ ቁጥር የሚሳሳት እጅ ይበዛል።

ዋይፋይም ቢሆን ከአየሩ ጋር ጣጣ አለው። ብዙ ርካሽ ራውተሮች የሚጠቀሙት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ሳይጋጩ ጎን ለጎን ሊሠሩበት የሚችሉት መስመር 3 ብቻ ነው፤ 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት። አንድ የዶርም ፎቅ ላይ 20 ክፍል ቢኖርና 10ሩ የየራሱን ራውተር ቢያበራ፣ ሠርግ ቤት ውስጥ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ምርቃት እንደሚጀምር ማለት ነው። የማንም አይሰማም። የስልክ ሆትስፖትም ያው ነው፣ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ። አሜሪካ ያላችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ። አስተዳዳሪ "አትክፈቱ" ሊላችሁ ይችላል እንጂ የእናንተን ሆትስፖት በመሣሪያ ማፈን አይችልም። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪዮት ሆቴልን የእንግዶችን ሆትስፖት በማቋረጡ 600,000 ዶላር አስከፍሎታል።

ወደ ምዝገባ እንምጣ። "ስልኬን ለምን አስመዘግባለሁ? ፓስፖርት ነው እንዴ?" የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ከፍሬሾች ይመጣል። የሚመዘገበው የመሣሪያው ማክ አድራሻ ነው። 12 የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ሲሆን ከፋብሪካ ይዞት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 6 የትኛው አምራች እንደሠራው ይናገራሉ፤ ቀሪዎቹ የዚያን መሣሪያ ተራ። የዶክተሩን ራውተር ያጋለጣትም ይሄው ነው። አይሲቲው ማክ አድራሻውን ከስማችሁ ጋር የሚያያይዘው፣ አንድ ቀን ከዚያ ላፕቶፕ ቫይረስ መሠራጨት ቢጀምር ማንን እንደሚጠራ እንዲያውቅ ነው። መዝገቡ ከሌለ አማራጩ የሕንጻውን መስመር በሙሉ መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ስልኮች ነገሩን አወሳስበውታል። አንድሮይድ ከስሪት 10፣ አይፎን ደግሞ ከስሪት 14 ጀምሮ ስልኩ በነባሪነት እውነተኛውን ማክ አድራሻ ደብቆ የፈጠራ አድራሻ ነው የሚያሳየው። ገበያ አዳራሽና ካፌ ውስጥ እግር በእግር እንዳይከታተሏችሁ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። የግቢው መዝገብ ግን ግራ ይጋባል። "ትናንት አስመዝግቤ ዛሬ አያውቀኝም" የሚል ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የግቢውን ኔትወርክ ስም ስትነኩ የግል አድራሻ የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ለግቢው ብቻ አጥፉት። ለካፌው እንደበራ ይቆይ።

ብዙ ግቢዎች አሁን ከማክ አድራሻ ይልቅ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ነው የሚጠይቁት። የታወቀው ኢዱሮም የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ ነው። ከ20 ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ገብቷል። ብልሃቱ ደስ ይላል። አንድ የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናይሮቢ ያለ ግቢ ገብታ ላፕቶፕዋን ብትከፍት፣ የናይሮቢው ኔትወርክ ፓስወርዷን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ጥያቄውን ወደ ስቶክሆልም ይልከዋል። ስቶክሆልም "ልጃችን ናት" ካለ ናይሮቢ ያስገባታል። ለዚህም ነው ዩዘርኔሙ ሁልጊዜ ከነዩኒቨርሲቲው ስም፣ እንደ ኢሜይል አድራሻ ሙሉውን የሚጻፈው። ግማሹን ብትጽፉ ጥያቄው ወዴት እንደሚላክ አይታወቅም።

እዚሁ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። መጀመሪያ ስትገናኙ ስልኩ ስለ ሰርተፍኬት ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው "አታረጋግጥ" የሚለውን ይነካና ያልፋል። ሰርተፍኬቱ ግን ኔትወርኩ ለእናንተ የሚያሳየው መታወቂያ ነው። ካላያችሁት፣ አንድ ሌላ ሰው በዚያው ስም ዋይፋይ ከፍቶ ካፌው በር ላይ ቢቀመጥ፣ ስልካችሁ ሳይነግራችሁ ሊያናግረው ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ፓስወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሜይሉንም ግሬዱንም የሚከፍት ያው አንዱ ነው። ግቢያችሁ ኢዱሮምን የሚያስተካክል አፕ ካለው እሱን ተጠቀሙ። በእጅ ከመነካካት ይሻላል።

ፓስወርድ ለጓደኛ ስለመስጠት ብዙ አልልም። ጓደኛህ ያወረደው ሁሉ በአንተ ስም ነው የሚመዘገበው። አለቀ።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መሣሪያው ሳይታደስ አይገባም ወደሚለው የአፕዴት ደንብ። "ስልኬን አፕዴት አድርጌ ነው የምገባው? ዳታዬን ትጨርሳላችሁ እንዴ?" ይሉናል። ይህ ደንብ እንዴት እንደጠበቀ ማወቅ ለሚፈልግ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ምን እንደደረሰባቸው ይስማ። ማይክሮሶፍት ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና አወጣ። ነሐሴ 11 ላይ፣ ገና ወር ሳይሞላ፣ ብላስተር የሚባለው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ያንኑ ቀዳዳ ተጠቅሞ ተለቀቀ። ማንም ምንም መክፈት አያስፈልገውም ነበር። ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ መሆኑ ብቻ በቂ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ወልቺያ የተባለ ሌላ ትል መጣ። ይሄኛው ጉድ ነው። ብላስተርን እየፈለገ ያጠፋና የማይክሮሶፍትን ጥገና አውርዶ ለመጫን ይሞክራል። ደግ ትል! ግን ቀጣዩን ታማሚ ሲፈልግ ኔትወርኩን በጥሪ ያጥለቀልቀዋል፤ ብዙ ቦታ ከበሽታው መድኃኒቱ ባሰ።

ጊዜውን አስቡት። የነሐሴ መጨረሻ፤ ክረምቱን ሙሉ ተዘግተው የከረሙ፣ ጥገናውን ያላገኙ ላፕቶፖች በሻንጣ ሆነው ወደ ዶርም የሚገቡበት ሳምንት። አንዱ ተማሪ ኬብሉን ሰክቶ ጥገናውን ማውረድ ሳይጨርስ ይያዛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ጥገናውን በሲዲ ቀድተው በዶርም በር ላይ ማደል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ "መጀመሪያ ተመርመር፣ ንጹሕ ከሆንክ ትገባለህ" የሚለው አሠራር ተስፋፋ። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ያልታደሰ ከሆነ ሌላ ምንም የማይከፍት፣ አፕዴት ብቻ የሚያወርድ ጠባብ ኔትወርክ ውስጥ የሚያስገቧችሁ ግቢዎች አሉ። ኳራንቲን ነው። ሲስተሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወረፋ ላይ ናችሁ።

ቲቪ፣ ፕሪንተር፣ የደኅንነት ካሜራ፣ ስማርት አምፖል ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ቅሬታ ያመጣሉ። "ስልኬም ቲቪውም አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው፣ ግን አይተያዩም።" አዎ፣ ሆን ተብሎ ነው። ግቢ ውስጥ ሺህ ሰው አንድ ዋይፋይ ላይ ነው ያለው። መሣሪያዎች እርስ በርስ ቢተያዩ የፎቁ ልጅ በሙሉ የእናንተ ቲቪ ላይ የፈለገውን ይከፍትላችኋል። የእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ትልቁ ችግር ግን ፓስወርዳቸው ነው። ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስወርድ ማን ይቀይራል? ቬራይዘን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ስሙ ያልተጠቀሰ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አለ። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፤ ሲመረመር ከ5,000 በላይ መሣሪያዎች ከባሕር ምግብ ጋር የተያያዙ ስሞችን በየ15 ደቂቃው ይጠይቃሉ። አምፖሎችና የለስላሳ መሸጫ ማሽኖች ናቸው! አምፖሉ ዓሣ አላማረውም። የሆነ ሰው ደካማ ፓስወርዳቸውን ገምቶ ገብቶ ነው የሚያዛቸው።

እንዲህ ያለውን ሥራ በዓለም ደረጃ ያሳወቀው ሚራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 60 ገደማ የተለመዱ የፋብሪካ ፓስወርዶችን እየሞከረ ካሜራና ራውተር የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነበር። ከፈጠሩት አንዱ፣ ፓራስ ጃ፣ የኒው ጀርሲው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የራሱን ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደጋግሞ አጥቅቷል፤ ፈተናና ምዝገባ ሲደርስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት 6 ወር የቤት እስርና 8.6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኖበታል። የእኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958/2008፣ ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ሳይበር የምትማሩ ልጆች፣ የግቢውን ሰርቨር "ለልምምድ" ስካን ከማድረጋችሁ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። መምህሩ በቃል "ሞክሩት" ማለታቸው አይበቃም።

ፊልም ማውረድስ? እዚህ ላይ ደንቡ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የቅጂ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕገወጥ ፋይል መጋራትን የሚከላከሉበት ዕቅድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ሁለተኛውና ለእኛ የሚቀርበው የመስመሩ ስፋት ነው። ናፕስተር የሚባለው የሙዚቃ መጋሪያ ፕሮግራም በመጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መስመሩን ስለጨረሰበት ዘግቶት ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ ኢተርኔት የሚባል የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለን። ከኬብሉ ከኤተርኔት ጋር ስሙ እየተመሳሰለ ስንት ሰው አደናግሯል! ያም ሆነ ይህ፣ ወደ ግቢው የሚገባው መስመር አንድ ነው። ቶረንት፣ ፋይል ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚወርድበት መንገድ፣ ደግሞ ሲያወርድም ሲያጋራም በመቶ እጅ ነው። ተከታታይ ፊልም ለማውረድ ሌሊቱን ክፍት የተተወ አንድ ላፕቶፕ፣ ጠዋት ዕቃ ይዞ የተሰለፈውን ሰው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ እንደማደር ነው።

መስመራችሁ ከተቆረጠ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጋው ፖርቱ ወይም መሣሪያው ነው፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚመጣው ሲደጋገም ወይም ሆን ተብሎ ሲሆን ነው። አይሲቲ ቢሮ ስትሄዱ "ኔትወርክ የለም" አትበሉ። እሱን በቀን ስንቴ እንሰማዋለን። የሕንጻውን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ሶኬቱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር፣ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ኑ። ለምርምር ሰርቨር ወይም ልዩ መሣሪያ ማገናኘት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ዕቃው ከመጣ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ፈቃድ ሳይሆን ይቅርታ ነው የሚጠይቀው።

ዶክተሩስ? ራውተሯን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ቤት ወሰዷት። እኛም በሁለት ሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ አክሰስ ፖይንት ሰቀልን።

ተመራቂዎች ግን አንድ ነገር አስታውሱልኝ። ግቢውን ስትለቁ ላፕቶፓችሁን ለፍሬሽ ሸጣችሁ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ዊንዶውሱን ፎርማት ታደርጉታላችሁ፣ ፎቶውን ታጠፋላችሁ፣ ማክ አድራሻው ግን በስማችሁ ተመዝግቦ ይቀራል። አንድ ጊዜ የአንድ ላፕቶፕ ባለቤት ፍለጋ ደውለን፣ ከተመረቀ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አዳማ ላይ ሥራ ቦታው ሆኖ አነሳው። ለማን እንደሸጠው ሲያስታውስ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ክሊራንስ ስትዞሩ አይሲቲ ቢሮም ጎራ በሉና "ይሄ ላፕቶፕ ከስሜ ይውጣልኝ" በሉ።